ደላስ አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ሙዚየም

ቨርጂኒያ፣ ደላስ (Dulles) ኤርፖርት ታክሲ የምትሠሩ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሻንቲሊ ያለው ኡድቫር-ሄዚ ሴንተር ጎራ በሉ። መግቢያው በነፃ ነው። ፓርኪንግ 15 ዶላር ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን እሱም አይከፈልም።

ስትገቡ ፊት ለፊት ጥቁሩ የስለላ አውሮፕላን ኤስአር-71 ተጋድሟል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን በ64 ደቂቃ የገባው ይሄው ራሱ ነው። መሬት ላይ ነዳጁ ይንጠባጠብ ነበር አሉ፤ አካሉ በፍጥነቱ ግሎ ሲለጠጥ ነው ክፍተቱ የሚገጥመው። እኛ እንዲህ ያለ መኪና ይዘን ኢንስፔክሽን ብንሄድ!

ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንኮርድም አለ፣ መስኮቱ ፓስፖርት ቢያክል ነው። እኔን ያፈዘዘችኝ ግን የጠፈር መንኮራኩሯ ዲስከቨሪ ናት። 39 ጊዜ ጠፈር ደርሳ ተመልሳለች። እህቶቿ ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኮሎምቢያ በ2003 በአደጋ ሲጠፉ፣ ሁለቱንም ጊዜ በረራውን መልሳ የጀመረችው እሷ ነች። ደግነቱ አጥበው አላሳመሯትም። ጠጋ ብላችሁ ሆዷን እዩት፦ ጥቁሮቹ የሙቀት መከላከያ ጡቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ ጎኗም ስትመለስ እሳቱ እንደለበለባት ነው።

ልጆች ከያዛችሁ ማማው ላይ ውጡ፣ ደላስ የሚያርፈው ሁሉ ከዚያ ይታያል።