ለወላጆቻችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ እናት ወይም አባታችሁን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ልታመጡ ካሰባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

የእናቴን ቲኬት የቆረጥኩት በአንድ ወኪል በኩል ነው፤ ከሌሎቹ 210 ዶላር ይቀንስ ነበር። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስለው ስልኩ ላይ የርቀት ማስያ ከፍቶ አሳየኝ፦ ከቦሌ እስከ ደለስ (የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ) 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት። አመንኩት። ርቀቱስ ልክ ነው። ሰዓቱ ግን ርቀቱን በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር አካፍሎ የተገኘ ነው፤ ነፋስም ሆነ ትራንዚት የለበትም። በ13 ሰዓት ገደማ የሚበረረው ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ነው። ከዚያ ሲመጣ ነፋሱ ከፊት ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው «ቀጥታ» የሚባለው በረራ እንኳ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የሚያርፈው። 16፣ 17 ሰዓት ይወስዳል።

የእናቴማ ቀጥታም አልነበረም። ወኪሉ ሁለት ለየብቻ የተገዙ ቲኬቶችን ገጣጥሞ ነው የሸጠልኝ። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ፍራንክፈርት ስትደርስ ሁለተኛው ሄዷል። ቲኬቱ አንድ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው በረራ ያሳፍሯት ነበር፤ ሁለት ስለሆነ ግን እንደቀረች ተቆጥራ ተቃጠለባት። ሻንጣዋም የተላከው እስከዚያው ድረስ ብቻ ነው፤ ወጥታ እንዳትረከብ የሸንገን (የአውሮፓ መግቢያ) ቪዛ የላትም። በቪዲዮ ስደውልላት ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። «እኔ ደህና ነኝ ልጄ፣ በርበሬው እንዳይጠፋ ብቻ» አለችኝ። በ1,100 ዶላር ሌላ ቲኬት ገዝቼላት ከቤቷ በወጣች በ39ኛው ሰዓት ደለስ ደረሰች። ሻንጣው እስካሁን አልመጣም።

እባካችሁ «በረራው ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ አትለፉ። ከቦሌ ተነስታ ደለስ እስክትወርድ ጠቅላላው ስንት እንደሆነ፣ የቡኪንግ ቁጥሩ አንድ ይሁን ሁለት፣ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ይሂድ አይሂድ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ስለሆነ ዝም ብላችሁ ብትቀንሱት ያታልላችኋል። ማታ 22:30 ተነስታ በማግስቱ ጠዋት 8:00 ትደርሳለች ሲባል 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ አሜሪካ በጋ (ሰመር) ከሆነ 7፣ ክረምት (ዊንተር) ከሆነ 8 ሰዓት ጨምሩበት። ሐሙስ 00:30 የሚል ካያችሁ ደግሞ ወላጆቻችሁ ቦሌ መገኘት ያለባቸው ረቡዕ ማታ ነው። እናቶቻችን ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ስለሆነ ይህን በቃል አስረዷቸው።

ወኪሉን ገንዘቤን ብጠይቀው «ቲኬቱ የማይመለስ ነው» ብሎ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ማስታወቂያውን ትናንት ማታ አየሁት፤ «13 ሰዓት» የሚለው አሁንም እዚያው ላይ አለ።