ፍሬሼኔት ኮርዶን ኔግሮ፦ ጥቁሩ ጠርሙስ ከክትፎ ጋር

ክትፎ ሲቀርብ ቀይ ወይን የሚያዝዙ ወዳጆች አሉኝ። የኔ ምርጫ ግን ፍሬሼኔት ኮርዶን ኔግሮ ብሩት የሚባለው አረፋማ ወይን ነው። ቀይ ወይን አፍ ያደርቃል፣ የሚጥሚጣውንም ማቃጠል ያባብሰዋል። ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ቅቤውን ከምላስ ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጥማል።

መጠጡ ካቫ ነው፤ ማለትም የስፔን አረፋማ ወይን፣ ከካታሎኒያ ክልል። አልኮሉ 11.5 በመቶ ነው።

ብዙ ሰው ከሌላው ወይን የሚለየው ጋዙ ብቻ ይመስለዋል። የለም! አረፋ የሌለው ወይን አንዴ ይብላላል፣ ጋዙም በንኖ ይጠፋል። ካቫ ሁለቴ ነው የሚብላላው። መጀመሪያ ተራ ነጭ ወይን ይሆናል። ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ የለውም፤ እዚያው ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ይደርሳል። ጠርሙሱ የወፈረው፣ ቡሹም በሽቦ የታሰረው ለዚህ ነው።

ካቫ ለመባል ቢያንስ 9 ወር ከእርሾው አተላ ጋር ይቆያል። በኋላ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየተዘቀዘቀና እየዞረ አተላው አንገቱ ላይ ይጠራቀማል። አንገቱን በረዶ አድርገው ሲከፍቱት ግፊቱ አተላውን አስፈንጥሮ ያወጣዋል። ጠላ ሲጠለል ያየ ሰው ይህን ድካም ያከብራል።

ብርጭቆ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ነው። አረንጓዴ ፖምና ሎሚ ይሸታል። የተጠበሰ ዳቦ ሽታ የሚወድ ሰው ግን ቢያንስ 30 ወር የቆየውን ግራን ሬዘርቫ ካቫ ይፈልግ።

ጣፋጭ ወይን የለመዳችሁ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ብሩት ማለት በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ነው። ለእናንተ የሚሆነው ሴሚ ሴኮ ነው፤ ከ32 እስከ 50 ግራም አለው።

ደግሞ እባካችሁ ሠርግ ላይ እየናጣችሁ አትርጩት። ያን ሁሉ ወር የተደከመበት መጠጥ መሬት ሲፈስ ሳይ ያናድደኛል። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ አቀዝቅዙት። ቡሹን በአንድ እጅ ጨብጣችሁ ጠርሙሱን በቀስታ አዙሩት። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጡ፤ የራሱ መክደኛ ከሌላችሁ አረፋው አያድርም።