የጀብዱ ልብ ወለድ ለታዳጊና ለወጣት፦ የትኛው ለማን?

«ልጄ መጽሐፍ አይወድም» የሚል ወላጅ ብዙውን ጊዜ ለልጁ የማይሆን መጽሐፍ የገዛ ወላጅ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስልኩን አስቀምጦ አርባ ገጽ በአንድ ትንፋሽ የሚያነበው፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ሳያውቅ መተኛት ሲያቅተው ነው። የጀብዱ ልብ ወለድ የሚጻፈው ለዚሁ ነው። ሆኖም ሁሉም የጀብዱ መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ከዚህ በታች ያሉትን መጻሕፍት በሁለት ጥያቄ መዝነናቸዋል። አደጋው የሚጀምረው የት ላይ ነው? ባለታሪኩስ የሚያመልጠው በዕድል ነው ወይስ በገዛ እጁና በገዛ ጭንቅላቱ? ልጁ መጽሐፉን መያዝ አለመያዙ በመጀመሪያው መልስ ይታወቃል፤ መጨረስ አለመጨረሱ ደግሞ በሁለተኛው።

ለጀማሪ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጡ ብንባል ሳናመነታ የጋሪ ፖልሰንን «ሃቼት» እንመርጣለን። በ1987 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመ፣ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ የሆነ መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱ ትንሽ መጥረቢያ ማለት ነው። ወላጆቹ የተፋቱበት ብራያን የሚባል የ13 ዓመት ልጅ፣ ካናዳ ነዳጅ ማውጫ ላይ ወደሚሠራው አባቱ በትንሽ አውሮፕላን ሲበር የፓይለቱ ልብ በድንገት ቀጥ ይላል። ይህ የሚሆነው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ልጁ ነዳጁ እስኪያልቅ መሪውን ይዞ ይቆይና ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በእጁ የቀረችው ጠቃሚ ዕቃ እናቱ ስትሸኘው የሰጠችው፣ ቀበቶው ላይ ያንጠለጠላት መጥረቢያ ናት። ጫካው ውስጥ 54 ቀን ይኖራል።

መጽሐፉ ከሌሎች የሚለየው ስህተትን በማሳየቱ ነው። እሳት የሚያያዝበትን ክፍል እንይ። ሌሊት ጃርት መጠለያው ውስጥ ይገባበታል፤ ብራያን በጨለማ መጥረቢያውን ሲወረውር የድንጋዩን ግድግዳ ይመታና ብልጭታ ያያል። ከዚህ በኋላ ሌላ ደራሲ ቢሆን በሚቀጥለው አንቀጽ እሳቱን ባቀጣጠለው ነበር። ፖልሰን ግን አይቸኩልም። ብራያን ደረቅ ሣር ይሞክራል፣ አይያዝም። ጭራሮ ይጨምርበታል፣ አይያዝም። ኪሱ ውስጥ የነበረውን የሃያ ዶላር ኖት ሳይቀር ቀዳዶ ይሞክራል፣ አሁንም እንቢ ይላል። ብልጭታው ደቃቅ ስለሆነ የሚቀበለው ነገርም እንደ ፀጉር የቀጠነ መሆን እንዳለበት የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ የበርች ዛፍ ቅርፊት ልጦ፣ ፈትሎ፣ እንደ ወፍ ጎጆ ያደርገዋል። ፍሙ ያዝ ያደርግና እንደገና ይጠፋል። የጎደለው አየር ነበርና እፍ ሲልበት ይነድዳል። ዓሣ ሲወጋም እንዲሁ ይስታል፤ ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚሰበር ዓሣው የሚታይበት ቦታና ያለበት ቦታ አንድ አይደለም። ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ሲጀምር ይሳካለታል። ፊዚክስ ደብተር ላይ ሲያዩት የሚያዛጉበት ነገር እዚህ የእራት ጉዳይ ይሆናል።

ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ቃላትም ይደጋገማሉ። የጎበዝ አንባቢ ጆሮ ይሰለች ይሆናል፤ እንግሊዝኛውን ገና በማጠናከር ላይ ላለ የስምንተኛ ወይም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ድግግሞሹ ራሱ አስተማሪ ነው፤ አንድን ቃል በሦስተኛው ጊዜ ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል። በቀን 15 ገጽ ቢያነብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ከኢትዮጵያ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ታሪክ ለሚፈልግ ወጣት፣ በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ ላደገ ልጅ፣ የቤንጃሚን ዘፋንያ «ሪፊዩጂ ቦይ» ቀዳሚ ምርጫችን ነው። የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ዓለም የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው፤ ዘመኑ የሁለቱ አገሮች ጦርነት ዘመን ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው አንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ በመንገር ነው። ወታደሮች በር ሰብረው ይገባሉ፣ ቤተሰቡን ያስፈራራሉ፣ ውጡ ይላሉ፤ አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሌላው ኤርትራ ውስጥ። ቃላቱ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ የሚለዋወጠው እንደ ጠላት የሚቆጠረው የማን ደም እንደሆነ ነው። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ቃል እንደተቀየረ ልጁ ራሱ እንዲፈልግ ማድረግ ጥሩ ነው። ከዚያ አባቱ ለንደን አካባቢ ሆቴል ይዞት ይሄዳል፤ ጠዋት ሲነቃ አባት የለም፤ ያለው ደብዳቤ ነው። እዚህ ጀብዱው ጫካ ውስጥ አይደለም፤ በደንብ በማያውቀው ቋንቋ፣ በፍርድ ቤት፣ በማደጎ ቤትና በትምህርት ቤት ግቢ ነው። ፍጻሜው ከባድ ስለሆነ በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ልጅ ብቻውን እንዲያነበው አንመክርም። ወላጅም አብሮ ቢያነበው ይሻላል።

በእስራኤል ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ ማጂ ያደገችው ጄን ከርትዝ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» አለ። ሳሃይ የምትባል የቅማንት ልጅና ራሔል የምትባል ዓይነ ስውር የቤተ እስራኤል ልጅ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በእግር ወደ ሱዳን ይሰደዳሉ። ሳሃይ ስለ ቤተ እስራኤል ሲነገራት ያደገችው የቡዳ ወሬ በየመንገዱ ይፈተናል። አጭር ነው፤ ከ11 ዓመት ጀምሮ ይነበባል።

በአማርኛ ጀብዱ ከየት ይጀመር? ብዙ ሰው የሚዘነጋው መልስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የጀብዱ ታሪክ መሆኑ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የዘውጉን መጠሪያ የሰጠን ነው። ጦርነት ይሸነፋል፣ የጦር አለቃው ይማረካል፣ አንድ ደግ ነጋዴ ለማስለቀቂያ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። ልጁ ዋሕድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣና በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር እሱን ፍለጋ ትነሣለች። የሴት ልጅ ጀብዱ የሚፈልጉ አንባቢዎች ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ተመልሰው እዚህ ያገኙታል። ወንድ መስላ በመሄዷ የሚፈጠረው ውጥረትና የሌላዋ ልጅ ፍቅር ዛሬም ልብ ያንጠለጥላል።

ችግሩ ቋንቋው ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንዱ ሐሳብ በምሳሌና በንጽጽር እየተቀጠለ ይሄዳል። በዓይን ሲነበብ የሚደክመው በድምፅ ሲነበብ ይፈታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ገጾች አንድ ትልቅ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብለት ልጁ ዜማውን ይይዝና ብቻውን ይቀጥላል። የመጨረሻው ክፍል የሃይማኖት መለወጥን እንደ ድል ያሳያል፤ የዘመኑ አመለካከት ነውና ከልጁ ጋር መነጋገር ይገባል።

ፍጥነት ለሚፈልግ የመሰናዶ ተማሪ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» (2001 ዓ.ም.) አለ፤ የጣና ገዳማት፣ ስለላ፣ ሳይንስና ምስጢር በአንድ ላይ። ሳይንሱን እንደ ልብ ወለድ ሳይንስ ይውሰደው እንጂ ለፈተና አይያዘው። «ራማቶሓራ» ተከታዩ ነውና ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ።

ክላሲክ ከሚባሉት ሁለቱን ብቻ እናንሣ። የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1883 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬም የባሕር ወንበዴ ታሪኮች ሁሉ አባት ነው። ግን ብዙ ልጆች ግማሽ ሳይደርሱ ይጥሉታል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች በመጠጥ ቤቱ ዙሪያ ልብ ይሰቅላሉ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉት ደግሞ የመርከብ ዝግጅት ናቸውና ይቀዘቅዛሉ፤ የማይታወቁ የባሕር ቃላትም እዚያ ይበዛሉ። መፍትሔው ሦስቱን በአንድ ቀን ጨርሶ ማለፍ ነው። ምዕራፍ 10 መጨረሻ ላይ ባለታሪኩ ጂም ፖም ሊያወጣ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ምዕራፍ 11 ላይ እዚያው ተደብቆ ሳለ ወዳጅ ያላቸው ሰዎች ሲያሴሩ ይሰማል። እዚህ የደረሰ አንባቢ አይመለስም።

ሁለተኛው የጁል ቬርን «በ80 ቀን ዓለምን መዞር» ነው። ፊሊያስ ፎግ 20,000 ፓውንድ ተወራርዶ በጥቅምት 2 ቀን 1872 እ.ኤ.አ. ከለንደን ይነሣል። ሱዌዝን አልፎ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነችውን ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ፣ ኤደን ላይ የድንጋይ ከሰል ለመጫን ይቆማል። አገልጋዩ ፓስፓርቱ የቤተሰቡን ሰዓት ከለንደን ጋር እንዳለ ይዞታል፤ ሱዌዝ ላይ ሁለት ሰዓት ወደኋላ መቅረቱን ቢነግሩትም አላስተካክልም ይላል። ልጁ እዚህ ጋ ካርታ አውጥቶ፣ ፀሐይ በእያንዳንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ 4 ደቂቃ እንደምትለይ እያሰላ ቢሄድ መጨረሻውን ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል። እናንተ ግን አትንገሩት።

እነዚህን ሁለቱን ስትገዙ የሚያጋጥመው ትልቁ ወጥመድ ያጠረ እትም ነው። ሽፋኑ ላይ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል ካልሆነ አይጻፍም። የምዕራፎቹን ቁጥር ቁጠሩ፤ ሙሉው «ትሬዠር አይላንድ» 34፣ የቬርኑ 37 ምዕራፍ አለው። ያጠረው ለአሥር ዓመት ልጅ አይከፋም፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ግን የመጽሐፉን ጣዕም አውጥቶ አጥንቱን መስጠት ነው። ሁለቱም የቅጂ መብታቸው ያለፈ ስለሆነ ሙሉው ጽሑፍ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት በስልክ ይነበባል።

የሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» (2008 እ.ኤ.አ.) ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም። 27 ምዕራፎቹ የሚዘጉት ቀጣዩን በሚያስገልጥ ነገር ስለሆነ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» የሚል ሕግ አይሠራበትም። ልጆች ልጆችን የሚገድሉበት ታሪክ ነውና ከ13 ዓመት በታች አይሁን።

18 ለሞላው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ይሰጠው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ደርግ በኤርትራ ካካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አስመራ ይወርዳል፤ ስለላ፣ ፍቅርና ጦር ሜዳ በአንድ ላይ ይገጥሙታል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲው በቀጣዩ ዓመት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ወጣቱ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ እያንዳንዱ ገጽ ስንት እንዳስከፈለ እየተሰማው ያነባል። ከዚያ በፊት ስለ ዘመቻው አሥር ደቂቃ ብታስረዱት የስሞቹ ብዛት አያደናግረውም።

የልጁን ደረጃ ለመለካት መካከለኛ ገጽ ግለጡና የማያውቃቸውን ቃላት በጣቱ እንዲቆጥር አድርጉ። አንድ ገጽ ወደ 250 ቃል ይይዛል። እስከ አምስት ቃል ቢስት፣ ማለትም ከመቶ ሁለቱን፣ እየተዝናና ያነባል። ከአሥር ካለፈ መጽሐፉ የክፍል ሥራ ይሆንበታል፤ ለስድስት ወር ይቆይ።

ከአዟሪ ወይም ካገለገሉ መጻሕፍት መደብር ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። መጽሐፍ የሚጠረዘው ብዙውን ጊዜ በ16 ገጽ እጥፋት ስለሆነ ሲጎድል የሚጎድለው በጅምላ ነው፤ 16፣ 32፣ 48 እያላችሁ ገጾቹ መያያዛቸውን ፈትሹ። ተባዝቶ በታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ቀለሙ ሲሳሳ የላይኛዋ ጭረት ትጠፋና «ሸ» «ሰ»ን፣ «ኘ» «ነ»ን ይመስላል። መሸጫው ላይ እንደቆማችሁ ከመካከል አንድ አንቀጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሦስት ጊዜ ካደናቀፋችሁ ሌላ ቅጂ ጠይቁ።