ኪንግስተን ኤ400 (480 ጊጋባይት) በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ላፕቶፕ በተንቀራፈፈ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደገና ይጫን፣ ይባላል። ይህ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) በሃርድ ዲስኩ ቦታ ከገባ ወዲህ ግን ዊንዶውስን እንደገና መጫን አላስፈለገም። ፎርማት የሚያመጣው ፍጥነት ከተጠራቀሙት ፕሮግራሞች መጥፋት የሚገኝ ነው፤ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከረው ዲስክ ራሱ አይፈጥንም። ፕሮግራሞቹ ሲመለሱ መንቀራፈፉም ይመለሳል። ኤ400 በአምራቹ መግለጫ በሰከንድ እስከ 500 ሜጋባይት ያነባል፤ አሮጌው ዲስክ 100 አካባቢ ነው። ትልቁ ልዩነት ግን በትናንሽ ፋይሎች ላይ ነው፤ እንደ ሃርድ ዲስክ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ የማንበቢያ ጭንቅላት ስለሌለው ዊንዶውስ ቶሎ ይነሳል።

እንከንም አለው። የራሱ ዲራም (ሥራውን የሚያፋጥን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ስለሌለው ብዙ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥበት ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ሊሞላ ሲቃረብም ይከብደዋል። ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ይተዉለት። ዕድሜው አያሳስብም፦ የተሰጠው የመጻፍ ገደብ 160 ቴራባይት ነው፣ በቀን 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት 8,000 ቀን ማለት ነው።

ሲገጠም ባዮስ ላይ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ) ኤኤችሲአይ የሚባለው የዲስክ አሠራር መመረጡን ይዩ፤ ለዊንዶውስ መጫኛው 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ኩዊክ (ፈጣኑን) ፎርማት ብቻ ያድርጉ። ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ስለሚሞላ ኤስኤስዲን በከንቱ ያስረጀዋል። ዲፍራግም (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) አያስፈልገውም፤ ዊንዶውስ ራሱ በየሳምንቱ ትሪም፣ ማለትም የተሰረዙት ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ የሚነግር ትእዛዝ፣ ይልክለታል።

በሃርድ ዲስክ ላይ ሙሉ ፎርማት ጥቅም አለው፣ የተበላሹ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትናንሽ ክፍሎች) ለይቶ ያወጣል። ነገር ግን የዲስክን ጤና በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ላይ 05 (የተተኩ ሴክተሮች) ወይም ሲ5 (የተጠረጠሩ ሴክተሮች) በሚለው መስመር ያለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው። ያንን ፎርማት አያድነውም፤ ዳታውን ዛሬውኑ ያውጡ።

የግድ ፎርማት ማድረግ ካለብዎት ደግሞ የቢትሎከር (ዲስክን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፉን ጽፈው ይያዙ፤ ያለ እሱ የተቆለፈው ዲ ድራይቭ አይከፈትም። የዋይፋይ ድራይቨሩን በፍላሽ ያስቀምጡ፣ አለዚያ ኢንተርኔት የሌለው ዊንዶውስ ይዘው ይቀመጣሉ። ብዙዎች የሚረሱት ፎንቱን ነው። ከዩኒኮድ (ለፊደሎች ሁሉ የጋራ ኮድ ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች ፎንቱ ከጠፋ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነው ይከፈታሉ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፎንቱ ሲመለስ ይመለሳል። ስለዚህ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንትስ ፎልደር አስቀድመው ይገልብጡ።