ልጅ መዳህ ሲጀምር ምን እንግዛ? ስፖንጅ፣ ስጋጃ፣ ዎከር ወይስ የሕፃን በር

ልጄ መዳህ የጀመረች ሰሞን አገጯን ሴራሚኩ ላይ መታች። እጇ ሸርተት አለባት፣ ፊቷ ቀድሞ ወረደ። ለአፍታ ዝም አለች፤ ከዚያ ለቅሶው መጣ። እናቴ «እኔን! እኔን!» እያለች አነሳቻት፤ ወለሉንም በመዳፏ መታችላት። እኔ የዚያኑ ዕለት ማታ ስልኬን ይዤ የልጅ ዕቃ ስፈልግ አመሸሁ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ የውጭ በሩ ሲከፈት ደረጃ፣ በረንዳው በብረት የታጠረ። ይሄ የብዙዎቻችን ቤት ነው። ስለዚህ የገዛሁትን፣ የተዋስኩትንና የመለስኩትን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ወለሉ

ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወለሉ ላይ አውሉት። ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚወድቀው እዚያ ነው። ምርጫው ሦስት ነው፤ ተገጣጣሚው ስፖንጅ፣ አንድ ወጥ የሆነው የሚታጠፍ ንጣፍ፣ እና ቤት ያለው ስጋጃ።

ተገጣጣሚው ስፖንጅ በየቦታው ይገኛል፤ ከሚታጠፈውም ይረክሳል። ትልቁ ጥቅሙ በክፍላችሁ ልክ መቀጠል ወይም መቀነስ መቻሉ ነው። አንዱ ሲበላሽ ያንኑ ብቻ ትቀይራላችሁ። ችግሩ መገጣጠሚያው ነው። ገንፎና ወተት በስንጥቁ ይገባል፤ በየሳምንቱ ነቅሎ ማጽዳት ግድ ነው። የጠርዙን ቀጭን ቁራጭ ደግሞ ልጄ በሦስተኛው ቀን ላጠችው። ሳያት ጫፉን ነክሳ ታኝካለች። ፊደልና ቁጥር የሚወጣለትን ዓይነት ለዚህ ዕድሜ አትግዙ። ትንሿ ቁራጭ ጉሮሮ ትዘጋለች።

ስትገዙ ሦስት ነገር አድርጉ። ውፍረቱን በማስመሪያ ለኩ። እኔ በቴሌግራም ሁለት ሴንቲ ብለው የሸጡልኝ ቤት ሲደርስ አንድ ሴንቲ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ጣታችሁ ወለሉን ከነካ የልጅ ግንባርም ይነካዋል። በመጨረሻ አሽትቱት። አዲስ ስፖንጅ የሚሸተው ሲመረት የሚቀርበት ኬሚካል ስላለ ነው። ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ተዉት። ቀለል ያለ ከሆነም በረንዳ ላይ ለጥቂት ቀናት አናፍሱት።

የሚታጠፈው ንጣፍ ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኔ ግን አሁን የምጠቀመው እሱን ነው። ስንጥቅ ስለሌለው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ የሚታጠፍበት መስመር ከጊዜ በኋላ ብድግ ማለቱ ነው፤ ድክ ድክ የሚል ልጅ ይሰናከልበታል። በጣም ወፍራምና ለስላሳውንም አልመክርም። መቆም የጀመረ ልጅ እግሩ እየሰመጠ ሚዛኑን ያጣል።

ስጋጃ ካላችሁ ለመዳህ ይሆናል፤ ጉልበት አያንሸራትትም። ግን ራስ ሲመታበት ብዙም አያበርድም፣ አቧራ ይይዛል፣ ማጠቡም ጣጣ ነው። ሴራሚክ ላይ ደግሞ ራሱ ስጋጃው ይንሸራተታል፤ ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ አንጥፉለት።

ካልሲውን ደግሞ አውልቁላቸው። ቤቱ እስካልቀዘቀዘ ድረስ ባዶ እግር የተሻለ ይይዛል።

ዎከር ወይስ የሚገፋ ጋሪ?

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ዎከር፣ ማለትም ልጅ ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ የሚሄድበትን ባለ ጎማ መቀመጫ፣ አትግዙ፤ ቢሰጧችሁም አመስግናችሁ አስቀምጡት።

ለእኛ አክስቴ የልጆቿን ሰጥታን ነበር። አንድ እሁድ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ሲኒው ተደርድሯል፣ ከሰሉ ገና በረንዳ ላይ እየተቀጣጠለ ነው። ልጄ ዎከሯ ውስጥ ሆና ሶፋው ጥግ ነበረች። ቄጠማ ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ረከቦቱ ጋ ደርሳ ሲኒ ይዛለች። ጀበናው ቀርቦ ቢሆንስ? ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ።

ዎከር ውስጥ ያለ ልጅ በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ መሄድ ይችላል። አጠገቡ ሆናችሁም አትደርሱበትም። ቁመቱም ከፍ ስለሚል ጠረጴዛ ላይ ያለ ፔርሙዝና የምጣድ ገመድ እጁ ይገባል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ያገለገለውን ጨምሮ እንዳይሸጥ ከልክላዋለች። ቶሎ ያስሄዳል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። የጎረቤት ልጅ ቀደመች ብላችሁ አትጨነቁ።

ልጁ ራሱ ይዞ መቆም ሲችል ከኋላ ሆኖ የሚገፋው ጋሪ ይሻላል። ክብደት ያለውን፣ ታቹ ሰፋ ያለውን፣ ጎማውን ማጥበቅ የሚቻለውን ምረጡ። ቀላሉ ፕላስቲክ ሴራሚክ ላይ ያመልጣል፤ ልጁም ተከትሎት በፊቱ ይደፋል። እናቴ «ወፌ ቆመች!» እያለች ስታጨበጭብ የሚሆነውን ግን የትኛውም ጋሪ አያደርገውም።

በርና አጥር

የሕፃን በር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ግድግዳ ሳይበሳ ግራና ቀኝ እየገፋ ይቆማል፤ ሌላው በብሎን ይታሰራል። የመጀመሪያው ለኩሽና በር ይበቃል። ደረጃ አናት ላይ ግን በብሎን ከሚታሰረው ሌላ እንዳታስቀምጡ። ሳይበሳ የሚቆመው በር፣ ልጅ ሲደገፈው ሊለቅ ይችላል። ግድግዳችሁ ብሎኬት ከሆነ በፊሸር ይይዛል፤ አግሮስቶን ከሆነ ግን መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

ዙሪያውን የሚዘጋው የልጅ አጥር እንጀራ ስትጋግሩ ያሳርፋል። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ግን መላወሻ ያሳጣል።

የበረንዳውን ብረት ለኩ። ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ከበለጠ ወይም ብረቱ አግድም ሆኖ የሚወጣበት ከሆነ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ከሁሉም የረከሰው ግዢዬ የመታጠቢያ ቤቱ መወርወሪያ ነው። ውሃ እንዳይቋረጥብን በባልዲ እንይዛለን። አምስት ሴንቲ ውሃ ለሚድህ ልጅ በቂ አደጋ ነው። በሩን ከላይ በኩል ቆልፉት።

የጠረጴዛ ጥግ መሸፈኛ ካስፈለገ ማጣበቂያው ጠንካራ ይሁን፤ ደካማው ተልጦ አፍ ውስጥ ይገባል። ባለ ስፖንጅ ቆብ ይሞቃል፣ ልጁም ያወልቀዋል፤ ብራችሁን አታውጡበት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ይወድቃሉ። እብጠት ብቻ ከሆነ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ለማንቃት ካስቸገረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ከጆሮና ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እኛ ቁጥሩን ፍሪጅ በር ላይ ለጥፈነዋል፤ ልጃችንን የምትይዝልን እህትም ታየዋለች።