የፒያሳዋ የጥርስ ሐኪም፣ እጅሽ ይባረክ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ጥርሳችሁን ማስነጣት አምሯችሁ «ይነዝረኛል» ብላችሁ የፈራችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

የእኔ ጥርስ ድሮም ቀዝቃዛ አይወድም። የእህቴ ሠርግ ሲቃረብ ግን ቡና ባበለዘው ጥርስ ፎቶ መነሳት አስጠላኝና አንድ ቦታ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ጥርስሽን ያምሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጄሉን ቀቡ፣ መብራቱን አበሩ፣ ጥለውኝ ወጡ። ከፊት ጥርሴ እስከ ጆሮዬ እንደ ኤሌክትሪክ ሲነዝረኝ ብጣራ «ቻይው እንጂ፣ ለቁንጅና ሲባል ይቻላል» ተባልኩ። እንባዬ እየወረደ! ድዴም ተቃጥሎ ነጭ ሆነ። ከዚያ በኋላ የጠዋቱን ብርድ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነበር የማልፈው። ብሬን ተቀብለው እንዴት ሆንሽ ያለኝ የለም። አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል።

ይቺኛዋን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ዶክተሯ መጀመሪያ ቀን ማስነጣቱን ጭራሽ አልጀመረችም። በየጥርሱ ተራ በተራ ትንሽ አየር እየነፋች ፊት ፊቴን ታያለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ከወንበሩ ዘለልኩ። «አገኘሁት» አለች። ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ተጋልጧል። እሱን ሸፈነችልኝ። ንዝረቱን የሚያስታግስ፣ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ነገር ያለበት የጥርስ ሳሙና አዘዘችልኝና «2 ሳምንት ተቦርሺበትና ነይ» ብላ ሸኘችኝ። ብር ብቻ ብትፈልግ ያኔውኑ ትጀምር ነበር።

ስመለስ መጀመሪያ ድዴን በደንብ ሸፈነች። ጄሉም ቀለል ያለ ነው አለችኝ፤ ዝርዝሩ አልገባኝም። «ከነዘረሽ እጅሽን አንሺ፣ ወዲያው አቆማለሁ» ያለችኝ ግን ገብቶኛል። አነሳሁ። የምሯን አቆመች! ጄሉን ጠረገች፣ አሳረፈችኝ፣ የቀረውን ሌላ ቀን ጨረስነው። ሐኪም ማለት እንዲህ ነው! መጨረሻ ላይ ፍሎራይድ ቀብታ፣ ለ2 ቀን ቡና፣ ሻይ፣ ቀይ ወጥና እርድ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። (እናቴ «ያለ ቡና እንዴት ትውያለሽ?» ብላ ከእኔ በላይ ተጨነቀች።) ማታ ደግሞ ራሷ ደውላ ጠየቀችኝ። ትንሽ ጠዝጠዝ ያደርገኝ ነበር፣ በማግስቱ ለቀቀኝ። ሠርጉ ላይ አፌን በእጄ ሳልሸፍን ሳቅኩ።

እባካችሁ፣ ርካሽ ነው ተብላችሁ የትም አትግቡ። እሷ ጋ ሂዱ። እንደገና እላለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ! ስሟን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱም የሚነዝራችሁን ጥርስ ገና ሳትጀምር ንገሯት።