ፕሌይስቴሽን 5 ከአሮጌ ሲዲዎቻችን ጋር፦ የስድስት ወር ግምገማ

ስለ ሶኒ የጌም ማሽን ስለ ፕሌይስቴሽን 5 የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔ ማሽኑን ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን ስድስት ወር ያህል ከተጠቀምንበት በኋላ የምጽፈው ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም የቀድሞውን ማሽን ጌሞች መቀበሉ፣ ለመግዛት በሚያስብ ሰው ዘንድ ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል የሚለው ነው። ጥያቄው የመጣብኝ ከመሳቢያ ነው። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር ለልጆቹ አንድ ሁለት እያለች ያመጣቻቸው 11 ኦሪጅናል የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎች ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ተደርድረዋል፤ በአሮጌው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ትንሿ ልጄ ባለፈው ክረምት አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሻይ ደፋችበትና ያን ቀን ጠፍቶ ቀረ። ያገለገለ ሌላ 4 ልግዛ ወይስ ብዙ ጨምሬ 5 ልግዛ በሚለው ላይ አንድ ወር ሙሉ ስናወጣ ስናወርድ ከረምን።

ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር፦ 11ዱም ሠርተዋል። ሶኒ ከ4,000 በላይ ከሆኑት የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ውስጥ ከ99 በመቶ የሚበልጡት በአዲሱ ማሽን እንደሚሠሩ አስታውቆ ነበር፤ በእኛ ቤት ያየነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ነገሩ ግን እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ የፕሌይስቴሽን የራሱ ታሪክ ወጣ ገባ የበዛበት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የመጀመሪያውን ማሽን ሲዲዎች ያነብ ነበር፤ የአንደኛው ፕሮሰሰር ሌላ ሥራ ተሰጥቶት እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ስለነበረ ነው። በ2006 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 3ዎችም የ2ን ቺፖች በሆዳቸው ይዘው መጥተው ነበር፤ በኋላ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ቺፖቹ ከአዳዲሶቹ ሞዴሎች ወጡ፣ የ2ን ሲዲ ማንበብም አብሯቸው ቀረ። በ2013 የመጣው 4 የ3ን ሲዲ ጭራሽ አልተቀበለም፤ 3 የተሠራው ሴል በሚባል ለየት ያለ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ 4 ግን በየኮምፒውተሩ ውስጥ ወደምናገኘው ዓይነት ፕሮሰሰር ዞሯል። 5 ከ4 ጋር የሚግባባው የሁለቱ ፕሮሰሰር የአንድ ቤተሰብ በመሆኑ ነው። ስለዚህ «አዲሱ የድሮውን ሁሉ ይቀበላል» ብሎ በደፈናው መገመት ገንዘብ ያስበላል፤ 5 የሚያነበው የራሱንና የ4ን ሲዲ ብቻ ነው።

አሮጌው ጌም በአዲሱ ማሽን ላይ የሚያሳየው ለውጥ ከጌም ጌም ይለያያል። ትልቁ ልጄ የሚወደው የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር በመደበኛው 4 ላይ በሰከንድ 30 ምስል ይሄድ የነበረው እዚህ 60 ይሄዳል፤ ልዩነቱን ለማየት የጌም አዋቂ መሆን አያስፈልግም፣ መጥረቢያው ተወርውሮ ወደ እጅ ሲመለስ ዓይን ራሱ ያየዋል። ልጁ በጓደኛው ቤት ለመጫወት የጨዋታውን ሴቭ በፍላሽ ገልብጦ ስለነበር፣ በዚያው አካውንቱ ገብቶ ከሻዩ አደጋ በፊት ከቆመበት ቀጠለ። ፊፋ 23 በአንጻሩ ያው ፊፋ 23 ነው። የ4ን ሲዲ ሲከቱ የሚከፈተው የ4 ጌም እንጂ ለ5 ተብሎ የተሠራው አይደለም፤ ቶሎ ከመከፈቱ በቀር የሚያስደንቅ ነገር አላገኘሁበትም። ያም ሆኖ ሲዲውን ከመሸጥ ተቆጥቤያለሁ፤ የጌሙ አዘጋጅ ኢኤ ከ2023 ወዲህ የፊፋን ስም ትቶ ጌሙን ኤፍሲ ብሎታል፣ የቀድሞዎቹም ፊፋዎች ከኦንላይን መደብሮች ተነስተዋል፤ ሲዲው የሌለው ሰው ዛሬ ልግዛው ቢል ዳውንሎድ የሚያደርግበት ቦታ የለውም።

ከምስሉ ይልቅ በእውነት የጠቀመን ግን ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ ሌላ ነገር ነው። የድሮው ማሽን ላይ ተሰክቶ የነበረውን 1 ቴራባይት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነቅዬ አዲሱ ላይ ስሰካው፣ የተጫኑት ጌሞች ከነአፕዴታቸው እንዳሉ ብቅ አሉ። እንደገና መጫን የለም፣ ዳውንሎድ የለም፤ የየጌሙን ሲዲ መክተት ብቻ ነው የቀረው። ኢንተርኔት በፓኬጅ ለሚገዛ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልገኝም። የ4 ጌሞች ከዚያው ከውጫዊው ሃርድ ላይ ሆነው ይጫወታሉ፤ የ5 ጌሞች ግን እዚያ መቀመጥ እንጂ ከዚያ መጫወት አይችሉም። የመጀመሪያው 5 በውስጡ 825 ጊጋባይት ቦታ አለው ቢባልም ለተጠቃሚው የሚተርፈው 667 ያህል ስለሆነ፣ አሮጌዎቹን ውጭ አስቀምጦ ውስጡን ለአዲሶቹ መተው ትልቅ እፎይታ ነው።

የጆይስቲኩ ነገር ግማሽ ደስታ ነው። የ4 ጆይስቲክ የ4 ጌሞችን በ5 ላይ ያጫውታል፤ የ5 ጌም ሲከፈት ግን አይሠራም። ቅዳሜ ማታ የደብረ ብርሃንን ብርድ ሸሽተን ብርድ ልብስ ለብሰን ፊፋ 23 ስንጫወት አራታችንም እንጫወታለን፤ ለ5 የተሠራ ጌም ሲከፈት ሁለቱ ተመልካች ይሆናሉ። አዲስ ጆይስቲክ መጨመር እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ዋጋውን ግን አልጽፍም፣ ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ቀን ተለውጦ ይገኛልና።

ለመግዛት አዲስ አበባ የወረድኩ ዕለት ስህተት ልሠራ የቀረኝ ትንሽ ነበር። በመርካቶ አንድ ነጋዴ «ሁሉም 5 አንድ ነው» ብሎ የሰጠኝ ካርቶን ዲጂታል ኤዲሽን የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ይህ ዓይነቱ የሲዲ ማስገቢያ (ድራይቭ) የለውም፤ 11ዱ ሲዲዎቼ ለእሱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ናቸው። «ድራይቩን በኋላ ትገዛለህ» ሲለኝም አላመንኩትም፣ ባለማመኔም ደስ ይለኛል፤ በ2020 የወጣው ዲጂታል ኤዲሽን ድራይቭ ፈጽሞ አይገጠምለትም። ድራይቭ ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠምለት በ2023 የመጣው ቀጭኑ ሞዴል ነው፣ ድራይቩም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል። በ2024 የወጣው ፕሮ የተባለው ውዱ ማሽን እንኳ ያለ ድራይቭ ነው የሚሸጠው፤ ለእሱም ድራይቩ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል። ስለሆነም ኦሪጅናል ሲዲ ያለው ሰው የማሽኑን ጎን በዓይኑ ሳያይ ብር ባይቆጥር ይሻለዋል።

ሸዋ ሮቢት ጌም ቤት ያለው የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እኔም 5 ብገዛ ያሉኝ ጌሞች ይሄዱልኛል?» አለኝ። ስንት ኦሪጅናል ሲዲ እንዳለው ስጠይቀው ሳቀ። ሦስቱም 4ዎቹ ክራክ የተደረጉ ናቸው፤ ጌሞቹ ሁሉ በሃርድ የተገለበጡ ናቸው፤ አንድም ሲዲ የለውም። እንግዲህ የማሽኑ የድሮ ጌም መቀበል የሚሠራው በሕጋዊ መንገድ ለተገዛ ጌም ስለሆነ፣ ለእሱ ይህ ሁሉ ውዳሴ ዋጋ የለውም፤ የሚገዛው ባዶ ማሽን ነው፣ እያንዳንዱንም ጌም እንደገና መግዛት አለበት። አንድ ኦሪጅናል የኤፍሲ ሲዲ ለ4 የተሠራውን ቢገዛ ያሉትን ጆይስቲኮች በ5 ላይ መጠቀም እንደሚችል ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ታዲያ እሱንማ 4ቴ ላይ አላጫውተውም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደንበኞቹ በጌም እየከፈሉ ኳስ ብቻ ነው የሚጫወቱት፤ ኤፍሲ 25 ደግሞ ለ5 ብቻ ሳይሆን ለ4ም ወጥቷል። ለእኔ ማሽኑን ያስገዛኝ ምክንያት ለእሱ ያለመግዛት ምክንያት ሆነ፤ ሁለታችንም የተሳሳትን አይመስለኝም።

ሌላ ማሽን የሚያማርጡም ይኖራሉና በአጭሩ ልጥቀስ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ርቆ የሚሄደው የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ነው፤ ከመጀመሪያው ኤክስቦክስና ከኤክስቦክስ 360 ብዙ ጌሞችን ይቀበላል። ይሁን እንጂ የእነዚያ የጥንቶቹ ሲዲ የሚያገለግለው እንደ ቁልፍ ነው፣ ጌሙ ራሱ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ይወርዳል፤ በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ታናሹ ሲሪስ ኤስ ጭራሽ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። በጁን 2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2ም አብዛኛውን የስዊች 1 ካርድ ያነባል፤ በአካባቢያችን ግን ስዊች 1 ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

እኔ በግዢዬ አልተጸጸትኩም። ከ11ዱ ሲዲ ሰባቱ አሁንም በየሳምንቱ ይወጣሉ፤ በስድስት ወር ውስጥ የገዛነው የ5 ጌም ሁለት ብቻ ነው። መሳቢያው ባዶ ቢሆን ኖሮ ግን ያገለገለ 4 ገዝቼ ትርፉን ብር ለሌላ ጉዳይ አውለው ነበር።

ይህ ግዢ ያልደረሰለት አንድ ሲዲ አለ፦ ከትዳር በፊት ከጓደኞቼ ጋር የተጫወትኩበት ፔስ የተባለው የፕሌይስቴሽን 2 የእግር ኳስ ጌም። ልጄ ሳያማክረኝ 5 ውስጥ ከቶት ኖሮ፣ ማሽኑ እንደማያውቀው ጽፎ መለሰለት። 2 ግን አሁንም ይነሳል፤ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመዱን የሚቀበል 21 ኢንች ቴሌቪዥንም አለን። ጓደኞቼ ለጥምቀት ሲመጡ የሚጠይቁት እሱን ስለሆነ፣ ባለቤቴ ቦታ ያዘ ብላ እንድሸጠው ብትወተውተኝም ቴሌቪዥኑን እስካሁን አልሸጥኩትም።